ከሰማይ የማይታይ በር

ኤላት፣ መሐል ከተማው ላይ፣ አውሮፕላን ያርፍ ነበር፣
ከሆቴሎች በረንዳ ሥር፣ ከቁርስ ገበታው ዳር፤
ሞተር ሲያጓራ ሲቃረብ፣ የሻይ ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ፣
እንግዳ ጆሮውን ይዞ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ሲያፈጥ።
ዛሬ ሜዳው ጸጥ ብሏል፣ ሥራው በረሃ ተሻግሯል፤
አጥር ቀርቷል፣
ፀሐይ የላሰው ነጭ መሥመር፣ ርዝራዡ እዚያው ቀርቷል።

እኔ ያንን ሜዳ ነው፣ ሌሊት ሌሊት የምሠራው፣
በኮምፒውተር ለሚበር ሰው፣ ከወንበሩ ለማይነሣው።
ጨዋታ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን እለካለሁ፤
አጥር አጥሩን ይዤ ሄጄ፣ በእርምጃዬ እቆጥራለሁ፤
አምፖል ከአምፖል ስንት ይርቃል፣ የመሥመሩ ወርድ ስንት ነው፣
የዘንባባው ጥላ በዘጠኝ ሰዓት፣ የቱን ድንጋይ የሚነካው።

አንድ ቀን ጥበቃው መጣ፤ "ምን ጠፋብህ?" አለኝ።
"የአስፋልቱ ቀለም" አልኩት።
"ግራጫ ነዋ!" ብሎ ሳቀብኝ።
ግራጫ! አይ እሱ!
የቱ ግራጫ? ጀምበር ስትጠልቅ፣
የኤዶም ተራራ ሲቀላ፣ አብሮት የሚቀላው?
ወይስ ጎማ ሺህ ጊዜ ነክሶት፣
እንደ ድስት ቂጥ ያጠቆረው?

ካፒቴን ዛልማን አለ፣ ጡረታ የወጣ አብራሪ፣
ሥራዬን የሚፈትሽ፣ ምሕረት የለሽ መርማሪ፤
"ማማህ በአንድ ሜትር አጥሯል፣
የዳር መብራትህ ሠርግ ቤት መስሏል" ብሎ ጻፈልኝ።
ማማውን ሳብኩት፣ መብራቱን ቀነስኩት፤
በሦስተኛው ቀን "አሁን ገና ባሕሩ ሸተተኝ" አለኝ።
ኮራሁ፣ አልዋሽም፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝ።

በማግስቱ ጋሽ ክንዴ መጣ፣ ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤት፣
እዚያ ሜዳ ሻንጣ ሲጭን የኖረ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
የእያንዳንዱ ሻንጣ ክብደት፣ ወገቡ ላይ የተጻፈበት።
መሪውን ሰጠሁት፤ "እንካ ጋሼ፣ አንተው አሳርፋት።"
እጁን ሰበሰበ።
"እኔ መች ከላይ አውቀዋለሁ?
መሬት ላይ አውርደኝ" አለ።

አወረድኩት። ካሜራውን በሱ ቁመት ልክ አቆምኩ፤
እሱ ሲመራኝ፣ እኔ ስከተል፣ ያለውን ሁሉ ጻፍኩ።
"ይቺ ስንጥቅ ወደ ግራ ነበር የምትሄደው፤
የጋሪዬን ጎማ እየያዘች፣ ስንቴ አናደደችኝ!
ዘይት እዚህ ይፈስ ነበር። እዚህ ጋ ደግሞ
ጆሮዋ የተቆረጠ ድመት፣ ኩርምት ብላ ትተኛለች።"
ከግድግዳው ደረስን። "በል ግባ" አለኝ፣
"ሰማያዊው በር። የኛ ክፍል። ጓንታችንን የምናወልቅበት።"

ዝም አልኩ።
በሩ በር አልነበረም፤
ፎቶ ነው፣ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፤
ከጀርባው ወለል የለ፣ ጣሪያ የለ፣ ጨለማ እንኳ የለበት።
አብራሪ አያየውማ!
ከሰማይ ወርዶ የሻንጣ ጫኝ በር ማን ሊያንኳኳ?
ጋሽ ክንዴ በሌባ ጣቱ፣ ማያውን ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፤
አሻራው መስተዋቱ ላይ ቀረ።
"ቆልፈውት ሄደዋል?" አለ።
"አዎ" አልኩት፤ "ቁልፉ ይመጣል። ሐሙስ ና፣ ይከፈታል።"

አልዋሽም ያልኩት ሰውዬ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ሌሊት፣ ማማ ረሳሁ፣ መብራት ረሳሁ፤
ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል፣ ከባዶ ቦታ አነሣሁ፤
አግዳሚ ወንበር፣ የጓንት መስቀያ፣ ጥጉ የተሰበረ መስተዋት፤
ዛልማን ቢያያት የሚቆጣ፣
"ኮምፒውተሩን አዘገየኸው፣ ለማን ብለህ?" የሚልባት።
ማጠፊያው ሲከፈት እንዲያላዝን፣
የእናቴን ቁም ሣጥን ድምፅ ቀድቼ አለበስኩት።

ዛሬ ሐሙስ ነው።
ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ፣ ከረጢቱን ወደ ባሕሩ ነፍቶታል፤
ስንጥቋ ወደ ግራ ዞራለች፤ ድመቷም ቦታዋ ናት።
ደረጃው ላይ እግር እሰማለሁ፣
ቀስ ያለ፣ በየመሐሉ የሚያርፍ።
ማያውን አልወለወልኩትም፤ አሻራው እንዳለ ነው፣
ልክ ከመዝጊያው እጀታ በላይ።
በዚያ ነው ያወቅሁት፤
ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው።